ስሙ የማይነገር ዱቄት

ባለፈው ቅዳሜ በርበሬ ልገዛ ጆሃንስበርግ ውስጥ ወዳለው ፎርድስበርግ ወረድኩ። ባለሱቁ ከአገር ቤት የደረሰለትን ጭነት እየፈታ ነበር፤ ሽሮው፣ በሶው፣ በርበሬው በየፌስታሉ ወለሉ ላይ ተደርድሯል። ከመካከላቸው ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ አንድ ፌስታል ሲፈታ ሽታው ደረሰኝ። እርጥብ አፈር ይሸታል፤ ከሥሩ የተቃጠለ ነገር አለበት፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጉሮሮ የሚይዝ ምሬት አለው። "ምንድን ነው?" አልኩት። "የአገር ቤት መድኃኒት ነው፣ እህቴ። ለሁሉም ይሆናል" አለኝ። በርበሬውን ሳልገዛ ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ፣ ቁልፉን እንደያዝኩ ብዙ ተቀመጥኩ።

ያ ሽታ የአንድ ክረምት ሽታ ነው። አሥር ዓመት የሞላኝ ጊዜ ነበር። ክረምት ስል የጆሃንስበርጉን ማለቴ ነው፤ ዝናብ የማያውቀውን፣ ሣሩ ደርቆ ገለባ የሚሆንበትን፣ ጠዋት ጠዋት የሰፈራችን የዳቬይተን ሰማይ በከሰል ጢስ የሚታፈንበትን። አክስቴ ታደለች በመጣች በሳምንቷ ደጅ ወጥታ ወደ ሰማይ አንጋጠጠችና "ሰኔ ገብቶ ጠብ የማይልበት አገር ምን ዓይነት አገር ነው?" ብላ ተቆጣች፤ ጥፋቱ የእኔ ይመስል።

ዳቬይተን ውስጥ ስፓዛ ነበረን። ስፓዛ በሰው ግቢ ውስጥ ተከራይተው የሚከፍቱት ትንሽ ሱቅ ነው፤ ግቢው የጎጎ ነበር። ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንዲሁ ነበር የሚጠራት። ከሱቁ ጀርባ ሁለት ክፍል ነበረን፤ አንዱ መኝታ ቤት፣ ሌላው ግማሹ ወጥ ቤት ግማሹ የዘይትና የስኳር መጋዘን። አባዬ ቀኑን ሙሉ ከፍርግርጉ ብረት ጀርባ ቆሞ ዳቦና የስልክ ካርድ ይሸጣል። እማዬ ጤና በነበረች ጊዜ አጠገቡ ትቆም ነበር።

እማዬ ልቧ ውስጥ ሰዓት ነበራት። እኔ እንደዚያ ነበር የማምነው። በልጅነቷ፣ ሆሳዕና ከተማ አካባቢ፣ ጉሮሮዋን ደጋግሞ ሲያማት ማንም ቁም ነገር ብሎ አልያዘውም፤ ጉሮሮዋ ዳነና በሽታው ልቧ ውስጥ ቀረ። እዚህ በመንግሥት ሆስፒታል ደረቷን ከፍተው የተበላሸውን የልብ በር አውጥተው የብረት በር ገጠሙላት። ከዚያ በኋላ ደረቷ ላይ ጆሮዬን ስጥል ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ዝም ባለ ክፍል ውስጥ ከሆነች አጠገቧ ቆሞም ይሰማል። ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የማደርገው እሱን ማዳመጥ ነበር። እሷም ሹራቧን ገለጥ አድርጋ "ስንት ሰዓት ይላል?" ትለኛለች። እኔም ያሻኝን ሰዓት እነግራታለሁ።

ያ የብረት በር ግን ጣጣ ነበረው። ደም ብረት ላይ ይረጋል፤ እንዳይረጋ በየቀኑ ዋርፋሪን የሚባል ደም የሚያቀጥን ክኒን መዋጥ አለባት፤ ዕድሜ ልኳን። ሲስተር፣ ማለት ክትትል ክፍሉ ውስጥ ያለችው ወፍራም ነርስ፣ ስትገልጽልኝ በገንፎ ነበር። "እንደ ገንፎ ነው፤ ደሟ ከወፈረ ይረጋል፤ ከቀጠነ ደግሞ ይፈሳል። መሀል ላይ ነው የምንፈልገው። ይኼ ክኒን ካልጠበቁት ራሱ መርዝ ነው፣ ልጄ፤ ለዚህ ነው ጣቷን የምንወጋው" አለችኝ። ጣቷን ወግታ ጠብታዋን በትንሽ ማሽን ትለካና ቁጥሩን በእማዬ ደብተር ላይ ትጽፋለች። ቁጥሩ ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ተኩል መሆን ነበረበት።

አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። እማዬ ለመሸጥ የሚበቃ ዙሉ ነበራት፤ ዳቦው ስንት እንደሆነ፣ ወተቱ እንዳለቀ፣ ነገ እንደሚመጣ ትናገራለች። ለሕመም የሚሆን ቋንቋ ግን አልነበራትም። አባዬ ሱቁን መዝጋት አይችልም። ስለዚህ በወር አንድ ማክሰኞ እኔ ከትምህርት ቤት እቀራለሁ፤ ከእማዬ ጋር ታክሲ ላይ ተጣብቀን ሆስፒታል እንሄዳለን። ኩራቴን አትጠይቁኝ። ክፍሌ ውስጥ የደም ቁጥር የሚያነብ ሌላ ልጅ አልነበረም።

አክስቴ የመጣችው እማዬን ልታስታምም ነው። የአባዬ ታላቅ እህት ናት፤ ረጅም፣ ሳቋ ከግቢ ውጭ የሚሰማ፣ ጸሎቷ ከሳቋ የሚብስ። ገና ጎህ ሲቀድ ተነስታ "ጌታ ሆይ!" ስትል ጎጎ ከወዲያኛው ቤት ሆና ቋንቋው ባይገባትም "አሜን!" ትላታለች። ሁለቱ በሦስት ቀን ውስጥ ወዳጅ ሆኑ፤ በምን እንደሚግባቡ እግዜር ይወቅ። ከአገር ቤት ያመጣችውን ቅቤ ኤርፖርት ላይ ወሰዱባት። ዱቄቱን ግን አላገኙትም። በሕፃን ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር።

ቆርቆሮውን የከፈተችው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው፤ አልጋው ላይ ተቀምጠን። ግራጫ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ እንደ ተልባ የደቀቀ ዱቄት ነው። ሽታው ክፍሉን ሞላው።

"ይኼን የሰጡኝ ሽማግሌ አንዲት በልብ ድካም የተኛች ሴት በአርባ ቀን አስነስተዋል። በዓይኔ ያየሁት ነው" አለች።

እማዬ ሳቀች። "እትዬ፣ መድኃኒት ወንዝ ከተሻገረ ይረክሳል አይሉም ነበር? ይኼ ስንት ወንዝ አልፎ መጣ!"

"በአየር ነው የመጣ! እግሩ ውሃ አልነካም።"

አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ አንድ ጆሮው ሱቁ ውስጥ ነው። "ከክኒኑ ጋር አይጣላም?" አለ።

"ቅጠል ከማን ጋር ይጣላል፣ ወንድሜ? ጌታ ከአፈር ያወጣው ነው። እንደዚያ ከፈራህ ከፋብሪካ የወጣውን ፍራ" አለችና ወደ እኔ ዞረች። "ኤዱ፣ እስቲ የክኒኑን ወረቀት አንብቢልኝ።"

ከካርቶኑ ውስጥ እንደ ጸሎት መጽሐፍ ገጽ የሳሳውን ወረቀት አውጥቼ፣ የምችለውን ያህል ወደ አማርኛ መለስኩ። ድድ ሊደማ ይችላል። ነስር ሊኖር ይችላል። ቆዳ ሊበልዝ ይችላል። ሰገራ ሊጠቁር ይችላል። ጭንቅላት ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። እያነበብኩ በሄድኩ ቁጥር የአክስቴ ቅንድብ ወደ ላይ ይወጣል።

"ይኼን ሁሉ ነው በየቀኑ የምትውጪው?" አለች እማዬን። ከዚያ ቆርቆሮዋን አዘንብላ ውስጡን አሳየችን። ምንም ወረቀት የለበትም። "ክፋት ቢኖረው ኖሮ ወረቀት ይኖረው ነበር።"

ለእኔ ይህ ፍጹም ትክክል ነበር። ወረቀት ያለው ክኒን ጉዳት አለው፤ ወረቀት የሌለው ዱቄት ጉዳት የለውም። የአሥር ዓመት ልጅ ሂሳብ ነው። የአባዬም ሂሳብ ከእኔ ብዙ የራቀ አልነበረም መሰለኝ፤ ደንበኛ ሲጠራው ነገሩን ትቶ ወጣ።

ከዚያ አክስቴ ሁለታችንን አስማለችን፤ እኔንና እማዬን። ሽማግሌው እሷን ያስማሉበት መሐላ ነው። መድኃኒቱ መኖሩ ለውጭ ሰው አይነገርም፤ ስሙም አይጠራም። ከተነገረ ኃይሉ ይጠፋል፤ መውሰድ ከተጀመረ በኋላ ከሆነ ደግሞ በሽታው ይብሳል። "ጥንቆላ እንዳይመስላችሁ" አለች፤ አማኝ ናትና ትንሽ ያፈረች ይመስለኛል። "ቅጠል ነው። ግን እንደዚህ ነው ከጥንትም የሚሰጠው።" መድኃኒቱን የሚያማስል እጅ ደግሞ የልጅ እጅ ቢሆን ይመረጣል አለች፤ ክፉ ያልነካው። ስለዚህ ሥራው ለእኔ ተሰጠ።

በየጠዋቱ፣ ዩኒፎርሜን ለብሼ፣ ከቆርቆሮው በጣቴ ቆንጥሬ አንድ ማንኪያ ማር ውስጥ እጨምርና አማስላለሁ። ልኩ ምን ያህል እንደሆነ ስጠይቃት "ቁንጥር" ትለኛለች። የእኔን ቁንጥር ነው ወይ ያንቺን ስላት ትስቃለች። እማዬ በባዶ ሆዷ ትልሰውና ፊቷን ታጨማድዳለች፤ ጠቅ ጠቁ ፈጠን ሲል ይሰማኛል። ጣቴ ቀኑን ሙሉ ይሸታል። ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ አፍንጫዬ ላይ አድርጌ አሸተዋለሁ፤ እናቴን እያዳንኩ ያለሁት እኔ ነኝ።

የሰኔው ማክሰኞ ሆስፒታል ስንሄድ ከእኛ ፊት አንዲት የሶዌቶ ሴትዮ ነበረች። የክፍሉ በር አይዘጋም፤ ወረፋ ላይ ያለ ሁሉ ይሰማል። ሲስተር ስትጠይቃት ሴትዮዋ የሆነ ሥር ቀቅላ እንደምትጠጣ ሳታፍር ተናገረች። ሲስተር ጮኸችባት! "ልጆችሽን ማን ያሳድግልሽ?" አለቻት፤ "ምን እንደሆነ በማታውቂው ነገር ነው የምትጫወቺው?" ሴትዮዋ በበኩሏ መልሳ ጮኸች፤ ከዚያ ሁለቱም ተሳሳቁ፤ ሲስተርም ደብተሯ ላይ ብዙ ጻፈችላት። እኔ ግን የያዝኩት ጩኸቱን ብቻ ነው። የእማዬን እጅ ጨበጥኩ።

ተራችን ደረሰ። ጣቷ ተወጋ። አራት ነጥብ ሁለት።

ሲስተር ግንባሯን ቋጠረች። "ምን ተቀየረ? አዲስ ምግብ አለ? የራስ ምታት ክኒን ወስዳለች? ከአገራችሁ የመጣ ቅጠል፣ ሥር፣ ዱቄት፣ ሻይ?"

አልተሳሳትኩም። እያንዳንዷ ቃል ገብታኛለች። "ምን አለች?" አለች እማዬ።

"አመጋገብሽ ተቀይሯል ወይ ነው የምትለው።"

"አልተቀየረም በያት።"

"የለም፣ ምንም አትወስድም" አልኩ፤ ለሲስተር።

መሐላዬን እየጠበቅኩ ነበር። ደግሞ እዚያ ወረፋ ፊት እናቴ ላይ እንዲጮህባት አልፈልግም ነበር። የትኛው እንደበለጠ ዛሬም አላውቅም። ሲስተር ክኒኑን ከአንድ ወደ ግማሽ ዝቅ አደረገችውና በሁለት ሳምንት ተመለሱ አለች።

ቤት ስንደርስ ይህን ስነግራቸው አክስቴ እልልታውን አቀለጠችው። ጎጎ ሳይቀር ሮጣ መጣች። ክኒኑ በግማሽ ቀነሰ! እማዬ እየዳነች ነው! እኔም ደብተሩን ከፍቼ ቁጥሩን አሳየኋቸው፤ ከሦስት ወደ አራት ከፍ ብሏል። ቁጥሩ ሲወጣ ደሟ እየቀጠነ መሆኑን ያኔ አላገናኘሁትም። ትምህርት ቤት ውስጥ ቁጥር ከፍ ካለ ጎበዝ ነሽ ይባላል፤ ሌላ ምን ላስብ? ግማሹ ሩብ ይሆናል፤ ሩቡ ይቀራል፤ ከዚያ ሆስፒታል መሄድ ያበቃል ብዬ ቀኑን መቁጠር ጀመርኩ። እማዬ ያን ዕለት ወጥ ሠራች፤ ዘፈን ቢጤም አንጎራጎረች። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አላየኋትም።

ከዚያ ወዲያ አክስቴ ቁንጥሩን ወደ ግማሽ ማንኪያ አሳደገችው።

መጀመሪያ የበለዘው ክንዷ ነው። የዳቦ ሳጥን ነካ አድርጓት አንድ መዳፍ የሚያክል ጥቁር ሰማያዊ ወጣባት። ቀጥሎ ጭኗ ላይ ወጣ፤ ምንም ሳይነካት። ጥርሷን ስትፋቅ ምራቋ ሮዝ ይሆናል። ይህን ሁሉ ወረቀቱ ላይ አንብቤዋለሁ፤ በራሴ አፍ ተርጉሜዋለሁ። ለአክስቴ ስነግራት "አየሽ፣ ወረቀቱ ያለው ነው፤ የክኒኑ ጣጣ ነው። የቀረውን ግማሽ እስኪተዉላት ነው" አለችኝ። ብልዙን በዘይት እያሸች "በሽታው እየወጣ ነው" አለቻት እማዬን። ማንም አላታለለንም። ሁላችንም በዓይናችን እያየን የምናየውን አላየንም።

በሁለተኛው ጉዞ አክስቴ አብራን መጣች፤ ከጉጉቷ የተነሳ ቤት መቅረት አልቻለችም። ሲስተር የእማዬን ክንድ አየች፤ ጣቷን ወጋች፤ በማሽኑ ሁለት ጊዜ ለካች። አምስት ነጥብ ስድስት። ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ስሚኝ፣ የኔ ልጅ። አልቆጣም። ክኒኑን ቀንሼ ቁጥሩ እየወጣ ነው። ይኼ በራሱ አይሆንም። የሆነ ነገር ትወስዳለች። ንገሪኝ" አለች፤ ከዚያ ወደ አክስቴ ዞር ብላ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን ዱቄት እንደሚቆነጥር ሰው አሻሸችና ወደ አፏ አመጣች። "ማማ? ከቤት?"

አክስቴ የሲስተርን ጣቶች አየች። ከዚያ እኔን። እጄ እጇ ውስጥ ነበር፤ ጭብጥ አደረገችው። ጠንካራ እጅ ነበራት፤ አመመኝ።

"የለም፣ ሲስተር፤ ምንም የለም" አልኩ።

ሲስተር ደብተሩን ሳበች። ከዚያ ለሦስት ቀን ክኒኑን ጭራሽ እንዳትወስድ፣ በሳምንቱ ተመልሰን እንድንመጣ ጻፈች። "ራሷን ካመማት፣ ካስመለሳት፣ ወዲያው ይዛችኋት ኑ። ሰዓት አትቁጠሩ" አለች። ይህንን በትክክል ተረጎምኩ። እማዬ ሳቀች፤ "ራስ ምታት የሌለበት ባለሱቅ ማን አለ?" አለች።

ሲስተር ሦስት ቀን ያለችው ክኒኑን ነው። ዱቄቱን ማን ያቋርጠዋል?

ትምህርት ቤት ለሐምሌ ተዘግቶ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አባዬ ዕቃ ሊጭን ከተማ ወጥቷል፤ አክስቴና እኔ ምስር እንለቅማለን፤ እማዬ ሱቁ ውስጥ ለአንድ ልጅ ዳቦ እያቀበለች ነበር። ዳቦውን በፍርግርጉ ቀዳዳ እንደዘረጋችው እጇን ራሷ ላይ አደረገች። ልጁ ዳቦውን ይዞ ቆሞ ቀረ። "እትዬ" አለች፤ "ራሴን አንድ ሰው መታኝ።" አልጋ ላይ ስናደርሳት አስመለሳት።

ሲስተር ያለችውን አስታወስኩ። አፌን ከፍቼም ነበር። አክስቴ ግን "ቶሎ በይ! ሁለት ማንኪያ!" አለችኝ። ሮጬ ቆርቆሮውን ከፈትኩ። ማሩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። አማሰልኩት። በእማዬ አፍ ላይ አደረግነው፤ ግማሹ ወጣ፤ ግማሹ ገባ። ጎጎ የአክስቴን ጩኸት ሰምታ ስትመጣ አንድ ጊዜ ብቻ አየቻትና የጎረቤቱን መኪና እየተጣራች ወጣች። መኪናው ውስጥ ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ነበር። ሹራቧን ገልጬ አዳመጥኩ። ጠቅ፣ ጠቅ። ስንት ሰዓት ይላል ብላ አልጠየቀችኝም።

ሆስፒታል የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ነበረች፤ ዓይኖቿ ቀልተዋል። በእማዬ ጭንቅላት ውስጥ ደም ፈሷል አለች። ከዚያ ያው ጥያቄ መጣ፤ ምን ትወስድ ነበር? በዚህ ጊዜ አወጣሁት፤ ዱቄቱን፣ ማሩን፣ ሁለቱን ማንኪያ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። አክስቴ ቋንቋው ባይገባትም ምን እየተናገርኩ እንደሆነ አወቀች። ቆርቆሮውን ከነጠላዋ ስር አወጣች፤ ይዛው መጥታ ነበር። ኃይሉ ይጠፋል ያለችውን ሁሉ ትታ ለሐኪሟ ሰጠቻት።

"ስሙ ምንድን ነው?" አለች ሐኪሟ።

"አክስቴ፣ ስሙን ንገሪያት! አሁን ንገሪያት!"

አክስቴ ግድግዳውን ተደገፈች። "አላውቀውም" አለች።

"መሐላውን ተዪው በቃ!"

"አላውቀውም፣ ኤዱዬ። ለእኔም አልነገሩኝም። ሽማግሌው በራሳቸው ይቆፍሩታል፣ በራሳቸው ይወቅጡታል። ስም አልነገሩኝም።"

በዚያ ሁሉ ሳምንት ትልቅ ምስጢር የጠበቅኩ መስሎኝ ነበር። ምንም አልነበረም የጠበቅኩት። ሐኪሟ ክዳኑን ከፍታ አሸተተች፤ ዘጋችው። ክኒኑ ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ ሲበዛ በምን እንደሚመለስ እናውቃለን አለች፤ እሱን እንሰጣታለን። ይኼኛው ግን አንድ ቅጠል ይሁን አሥር፣ ምን ያህል እንደገባባት፣ ከክኒኑ ጋር ምን እንዳደረገ ልታውቅ እንደማትችል ነገረችኝ። "ምናልባት እሱ ነው። ምናልባትም ክኒኑ ብቻ ነው። ስም የለውም፤ ምን ልበልሽ?" ይህንንም ለአክስቴ ተረጎምኩላት።

እማዬ ቅዳሜ ጠዋት አረፈች። አባዬ አጠገቧ ነበር። እኔ ስገባ ክፍሉ ዝም ብሏል፤ ብዙ ሰው ያለቅስ ነበር ግን ዝም ብሏል። ጆሮዬን ደረቷ ላይ እንዳላደርግ ያዙኝ።

በጎጎ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ሱቁ ተዘጋ። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች፣ ከሶዌቶም ከሌላም ያሉ የአገራችን ባለሱቆች መጡ። ሬሳው ወደ አገር ቤት እንዲሄድ ተወሰነ፤ አክስቴ አብራ ትሄዳለች። ከመሄዷ በፊት በነበረው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ላይ፣ ሽማግሌዎቹ አባዬንና አክስቴን አስቀምጠው ጠየቁ። እኔ የሻይ ትሪ ይዤ ድንኳኑ መግቢያ ላይ ነበርኩ።

አባዬ ቀና ብሎ አላያትም። "እትዬ" አለ፤ "እኔ ሐኪሞቹ የሚያውቁ መስሎኝ ነበር። አንቺ አብረሽ ሄደሻል። ለምን አልነገርሻቸውም? ምናለ አንድ ቃል ብትናገሪ?"

አክስቴ የነጠላዋን ጫፍ እያፍተለተለች ነበር።

"አልጠየቁንም" አለች።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው አጉረመረመ። አንዱ ሽማግሌ በንዴት ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ "ሳይጠይቁ ነው እንዴ የሚነገር! አንቺ ትልቅ ሰው!" አላት። ሌላው ደግሞ የእማዬ ወንድሞች አገር ቤት ሲሰሙ ምን እንደሚሏት እንድታስብ ነገራት። አባዬ ተነስቶ ወጣ። እኔ እፎይ አልኩ። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ደስ ባለኝ፤ ግን እፎይ ነው ያልኩት። አልገባትም፣ እንደተጠየቅን አታውቅም ብዬ ሻዩን አደልኩ። ለአክስቴ ስሰጣት ብርጭቆውን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፤ ፊቴን ግን አላየችም። በነጋታው ከሬሳ ሳጥኑ ጋር ሄደች። የእማዬ ቤተሰብ ቀብር ላይ አጠገባቸው እንዳትቆም ከለከሏት ሲባል ሰማሁ። አባዬም ስሟን በቤታችን አልጠራም።

ቅዳሜ ዕለት መኪናው ውስጥ ያስቀመጠኝ ይኼ ነው። ሽታው የሲስተርን ጣቶች አመጣብኝ። ሁለት ጣት አሻሽቶ ወደ አፍ ለማምጣት ምን ቋንቋ ያስፈልጋል? አክስቴ አይታለች። እጄን ጭብጥ ያደረገችው ለዚያ ነው። እንደተጠየቅን ታውቅ ነበር፤ ማን እንደመለሰም ታውቅ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ፊቴን ያላየችው ሌላ ሰውም እንዳያየኝ ነው።

አክስቴ ታደለች ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። የቀበሯት ሰዎች እንደነገሩኝ፣ ያንን ነገር ያነሳባት ሁሉ እስከ መጨረሻው የሰማው አንድ መልስ ብቻ ነበር፤ አልጠየቁንም።